ጨው ያነሰው ዳቦ

ባሌ ከዚያ አገር ከተመለሰ ወዲህ ወንበር አልስማማው አለ። አጋነንሽ እንዳትሉኝ፤ ጎረቤት ምስክሬ ነው። አረፍ ይላል፣ ሻዩን ሳያጋምስ ብድግ ይላል። ያልተበላሸ ቧንቧ ይፈታል፣ መልሶ ያጠብቃል። መስኮት ይከፍታል፣ "ነፋስ ገባ" ብሎ ይዘጋል፣ "ታፈንኩ" ብሎ ደግሞ ይከፍታል። ዳቦ ቤት አብረውት የሚሠሩት ድሮም "እርሾ" ነው የሚሉት፤ ካስቀመጡት ቦታ ስለማይረጋ። እኔ ግን እርሾ እንኳ ሲሸፍኑት አንድ ቦታ እንደሚቆይ አውቃለሁ። "አንተ ሰውዬ፣ ወይ ተቀመጥ ወይ ውጣ፣ ራሴን አዞርከው እኮ!" ብዬ ስጮህበት ወጣ። ሲመለስ የት እንደነበር ጠየቅሁት። "እስከ መንገዱ" አለኝ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። እኔና እሱ አንድ ዳቦ ቤት ነው የምንሠራው። እሱ ከውስጥ ይጋግራል፣ እኔ ከፊት እሸጣለሁ። የተዋወቅነውም በመሀላችን ባለችው መስኮት ነው፤ ትኩስ ትሪ ሲያቀብለኝ ዓይን ዓይኔን እያየ ስንቴ ጣቴን አስቃጥሎኛል። አንዲት ልጅ ወለድን፤ ሁለተኛ አልተሰጠንም። ተምራ አስተማሪ ሆነችልን። እኔም "እንግዲህ ጎረቤታችን ቤት ተከራይታ፣ የልጅ ልጅ እያቀፍኩ እኖራለሁ" ስል፣ እሷ እቴ! ከድንበር ማዶ ለትምህርት የመጣ ነርስ ወደደች።

ልጁ እንከን አይወጣለትም። ጨዋ ነው፤ ቤታችን ሲመጣ ወንበሩን አስፈቅዶ የሚቀመጥ ነው የሚመስለው። ችግሩ ትምህርቱን ጨርሶ ወደ አገሩ ሊመለስ ነው፤ በተወለደበት ከተማ ያለው ክሊኒክ ነርስ የለውም። ልጄ ደግሞ "አብሬው እሄዳለሁ" አለች። ያንን አገር እዚህ የማያውቀው የለም፤ ሄዶ ያየው ባይኖርም። ልጅ ምግብ አልበላም ሲል "እዚያ አገር እንልክሃለን" ተብሎ ነው የሚፈራራው። እኛም ተርፎን አይደለም፤ ግን ድሃም ከድሃ ይበላለጣል።

እኔ አልጮህኩም። በማንም ላይ የምጮህ ሴትዮ በዚህኛው ዝም ማለቴ ለራሴም ገረመኝ። ልጄን ስለማውቃት ነው፤ እኔ ከጮህኩ በነጋታው ሻንጣዋን ይዛ ነው የምትወጣው። የአባቷን ቃል ግን አታልፍም። ራሷ ናት "አባዬ ሄዶ ቤተሰቡንም አገሩንም ይይ፤ አይቶ አይሆንም ካለኝ እቀራለሁ" ያለችው። እኔም በሆዴ፣ ሄዶ ያያል፣ ደንግጦ ይመለሳል፣ ነገሩም እዚያው ላይ ያበቃል አልኩ። ሸሚዞቹን እያጣጠፍኩ ሻንጣው ውስጥ ስከት እያንጎራጎርኩ ነበር።

ሄዶ መጣ። ከአውቶቡስ ሲወርድ አቧራ ለብሶ ነበር፣ ከሲታም ሆኗል። ልጄ እጇን አጣምራ ቆማ "እህ፣ አባዬ?" አለችው። "ቆይ፣ ልረፍ" አላት። ይኸው ማረፉን አላበቃ አለ። ልጁ የሚሄድበት ቀን እየደረሰ ነው፤ ልጄ ከትምህርት ቤት ስትገባ መጀመሪያ የአባቷን ፊት ታያለች፣ ከዚያ ጫማዋን ታወልቃለች።

ወሬውን እንደ መድኃኒት በጠብታ ነው የሚያወጣው፤ እሱም አንዱ ከአንዱ አይገጥምም። አንድ ቀን ምሳ ላይ "አውቶቡሱ ወንዙ ላይ ቆመ። ሰው ሁሉ ወርዶ ሲገፋ እኔም ልወርድ ስል 'እርስዎ እንግዳ ነዎት፣ ይቀመጡ' ብለው መለሱኝ። እነሱ እየዘፈኑ ይገፋሉ፣ እኔ ብቻዬን እንደ ጌታ ተጎልቻለሁ" አለን።

"ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል አሉ" አልኩት፣ እንዲስቅ። ልጄ ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

"ክኒን በፍሬ ነው የሚሸጡት" አለ ደግሞ። "አንዲት ሴት ከታዘዘላት ግማሹን ገዝታ ሄደች። ሻጩ የቀረውን ጠቅልሎ 'ለነገ' ብሎ አስቀመጠላት።" ከዚያ ሳህኑን ገፋ አደረገና "እኛ ግን ለምንድነው ዝም ብለን የምንበላው? እዚያ ሲበሉ እኮ ቤቱ በጨዋታ ይሞላል" አለ። እሺ ብለን በነጋታው ስንጫወት "ኧረ ትንሽ ዝም በሉ፣ ጆሮዬ!" ብሎ ተነስቶ ወጣ። እንዲህ ካለ ሰው ጋር ምን ይደረጋል?

ሥራ ቦታም ባሰበት። አንዲት ደንበኛዬ መስኮቱ ጋ ቆማ "እዚያ አገር ሄዶ ነበር አሉ? እኒያ ምስኪኖች!" ስትል ከውስጥ ሰምቶ ዱቄቱን እንደተቀባ ወጣ። "ምስኪን ማን አለሽ? አንቺ ከነሱ በምን ትበልጫለሽ?" አላት። ሴትዮዋ ዳቦዋን ሳትይዝ ሄደች። ከእሷ ኋላ የነበሩት ሽማግሌ ደግሞ ሊያስታርቁ ብለው "ልክ ነው፣ ባይኖራቸውም ደስተኞች ናቸው ይባላል" አሉ። "ማን ነው ደስተኛ? በኩራዝ የሚያዋልዱት ናቸው ደስተኛ?" ብሎ እሳቸው ላይ ዞረ። በዚህ መሀል ምድጃው ውስጥ የነበረው በሙሉ ከሰለ። የዳቦ ቤቱ ባለቤት መጥቶ "እርሾ፣ ከሥራህ ጋር ነህ ወይስ ከሰው ጋር?" አለው። ባሌ የከሰለውን ዳቦ አንድ በአንድ እየፋቀ ወደ ትሪው መለሰ። ሊጣል ነው እንጂ ማን ይገዛዋል?

አንድ ከሰዓት ሸሚዙን ስተኩስ ከኋላዬ መጥቶ ቆመ። "ስመለስ ድንበሩን ስንሻገር እፎይ አልኩ" አለኝ።

"ታዲያ ምን አለበት? ማንም ይላል።"

"ድምፅ አውጥቼ ነው ያልኩት። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ የዚያ አገር ሰው ነበር። ሰማኝ። ስንወርድ ሻንጣዬን ከላይ አውርዶ ሰጠኝ።"

እኔ ሸሚዙን አገላብጬ መተኮሴን ቀጠልኩ።

በመጨረሻ ትዕግሥቴ አለቀ። እኔ ነገር አላሳድርም፤ ይሄኛውን ያሳደርኩት ለልጄ ብዬ ነው። ሥራ ስንጨርስ ዱቄት የሚከማችበት ክፍል ይዤው ገባሁና በሩን ዘጋሁበት። ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። "ተቀመጥ" አልኩት። አልተቀመጠም። "እንግዲያው ቆመህ ንገረኝ። አዎ ነው ወይስ አይሆንም? ልጅቷ በዓይኗ አለቀች።"

"አላውቅም" አለ።

"አላውቅም የሚባል መልስ የለም! ቤቱን አይተሃል፣ እናቱን አይተሃል። ምን ሆነህ ነው?"

አንድ ጆንያ አነሳ፣ አጠገቡ ባለው ላይ ጫነው፣ ደግሞ መልሶ አወረደው። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶኝ ነገረኝ።

ዳቦ ጋጋሪዎች አንድ ልማድ አላቸው። ከምድጃው መጀመሪያ የወጣው ዳቦ አይሸጥም፤ የመፈተኛ ነው። ባሌ ይገለብጠዋል፣ ሆዱን በጣቱ አንጓ ኳ ኳ ያደርገዋል፣ ከመሀል ይገምሰዋል፣ አፍንጫውን ይከትበታል፣ በአውራ ጣቱ ይጫነዋል፣ ከጫፉ ቆርጦ ያኝካል፣ ፍርዱን ይናገራል፣ የቀረውን ወደ ባልዲ። ዕድሜውን ሙሉ ያደረገው ነው፤ እጁ ራሱ ነው የሚያደርገው።

እነ ነርሱ ቤት በደረሰ ቀን ሲንገላታ ነው የዋለው። ሁለት ክፍል ቤት ነው፤ ወለሉ ተጠርጎ ውሃ ተርከፍክፎበታል። የነርሱ እናት የክሊኒኩን አንሶላ የምታጥብ ሴት ናት። እጁን አስታጠበችውና በንጹሕ ጨርቅ የተሸፈነ አንድ ሙሉ ዳቦ አምጥታ ፊቱ አስቀመጠች። ቤተሰቡ ዙሪያውን ቆሟል፣ ልጆች በሩ ላይ ተደርድረዋል። ባሌ ደክሞታል፣ ሐሳቡ መንገድ ላይ ነው። ዳቦውን አነሳው። ገለበጠው። ኳ ኳ አደረገው። ገመሰው፣ አሸተተው፣ ተጫነው፣ ከጫፉ ቀመሰና "ጨው አንሶታል" ብሎ ሳህኑን ወደ ጎን ገፋው።

"ወይ አንተ!" አልኩ። አፌን ያዝኩ።

"ሁሉም እሷን ዞሮ አየ። እሷ ግን 'እውነትዎን ነው፣ አንሶታል' አለችና ሳህኑን አነሳች። በመስኮት አያታለሁ፤ ማንኪያ ይዛ ጎረቤት ሄደች። እዚያ አልሆነላትም መሰለኝ፣ ሌላ ቤት ሄደች። ጨው እዚያ በማንኪያ ነው የሚሸጠው። መጥታ ደግሞ ልታቦካ ገባች። ከዚያ ሰማሁት።"

"ምኑን?"

"ጆንያው ሲራገፍ። አንቺ ታውቂዋለሽ ያንን ድምፅ። ባዶ ጆንያ ገልብጠሽ ግድግዳ ላይ ስትመቺው። የመጨረሻዋን ዱቄት ነው ያራገፈችው።"

አውቀዋለሁ። ማንም ዳቦ ቤት የሠራ ሰው ያውቀዋል። "ከዚያስ?"

"ትኩሱን አመጣችው። እኔ እንዴት ብዬ ልብላው? ልጆቹ በሩ ላይ አሉ። 'ጠግቤያለሁ' አልኩ። ለመኑኝ። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ 'መንገድ ላይ በልቻለሁ' አልኩ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብኝ። በጠዋቱ አውቶቡስ መጣሁ።"

"ርቦህ ነበር?"

"አንጀቴ ታጥፎ ነበር።"

እግዜር ይይልኝ፣ አዘንኩለት። ግን ካዘንኩት በላይ ደስ አለኝ። እንዲህ ያፈረበት ቤት ልጃችንን አይልክም፣ ዛሬ ነገ "አይሆንም" ይላታል፣ ልጄም አጠገቤ ትቀራለች ብዬ ነው። ይሄን በሆዴ ይዤ ክንዱን ይዤ ወደ ቤት ወሰድኩት። መንገዱን ሙሉ ስለ አትክልት ዋጋ አወራሁለት።

ልጄ ቤት ቀድማን ገብታለች። ጫማዋን አላወለቀችም። ስልኳ ጉልበቷ ላይ ነው።

"አለቀ" አለችን። "እናቱ እምቢ ብላለች።"

"የማን እናት?" አልኩ እንደ ጅል።

"የሱ እናት ናታ፣ እማዬ። አልቀበላትም ብላለች። እስከ ዛሬ ደብቆኝ ነው፣ ሐሳቧን ትቀይራለች ብሎ።" ወደ አባቷ ዞረች፤ አታለቅስም፣ ያስፈራኝም እሱ ነው። "እንዲህ ነው ያለችው፣ አባዬ። የመጀመሪያው ጥፋት አይደለም፣ ጋጋሪ ነው አሉ፣ ጨውም አንሶት ነበር። ሁለተኛውን ግን ለምን አልበላም? ከእጃችን የማይበላ ሰው ልጅ አምጥቼ በየቀኑ ስትጠየፈን አላይም። አለች።"

ባሌ በሩ ላይ እንደቆመ ቀረ። እኔ ነኝ የፈነዳሁት። "ማን ናቸውና ነው! ጨው በማንኪያ የሚሸምቱ ሰዎች ናቸው የኔን ልጅ እምቢ የሚሉት? እኛ እያቅማማን እነሱ ይመርጣሉ? ይሄ ጥጋብ ነው!"

አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል። ቃሉ ከወጣ በኋላ ቤቱ ውስጥ ሲያስተጋባ ራሴ ሰማሁት። ልጄ አየችኝ። እንደዚያ አይታኝ አታውቅም፤ ሳታውቀኝ የኖረች ይመስል። ደግሞስ የምጮኸው ለምንድነው? ይሄው የተመኘሁት ሆነ አይደል? ልጄ ቀረችልኝ። ለምን ታዲያ ደሜ ፈላ? ድሃ እምቢ ሲል ሰምቼ ስለማላውቅ ይሆናል። ፊቴን ልታጠብ ብዬ ጓሮ ወጣሁና ብዙ ቆየሁ።

ስመለስ ባሌ ወዲያ ወዲህ ይላል። "እመለሳለሁ" ይላል። "ዱቄት በጆንያ፣ ጨው በካርቶን ጭኜ እሄዳለሁ። ይቅርታ እጠይቃለሁ።"

"አባዬ፣ ዱቄት ይዘህ ከሄድክ ያኔ ነው በእውነት የሚያልቀው" አለችው። "ምንም እንዳትይዙ። ከሄዳችሁ ርቧችሁ ሂዱ።"

ባሌ ይሄን ሲሰማ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

"ሂዱ" ስላለች እኔም ተነሳሁ። የማናውቀውን ሰው ፈቃድ ለመለመን ፈቃድ ጠይቀን ከሥራ ወጣን። እኔ ግን እናት ነኝ፣ ምን ላድርግ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ብስኩት ደበቅሁ። ባሌ አውቶቡስ ላይ አገኘውና ከነማሸጊያው ከኋላችን ለተቀመጡት ልጆች ሰጣቸው። ልጆቹ በልተው ሲጨርሱ ጣታቸውን ይልሳሉ፣ የኔ ሆድ ይጮኻል። ቋንቋቸው ያው የኛው ነው፣ ዜማው ብቻ ይለያል፤ "እናቴ፣ ሆድዎ ነው ሞተሩ?" ብሎ አንዱ ተሳፋሪ ሲቀልድብኝ አውቶቡሱ በሳቅ አለቀ።

ያንን አገር ስሻገረው ክሱን እንደሚያዘጋጅ ጠበቃ ነው ያየሁት። ይሄ መንገድ ነው? ይሄ ድልድይ ነው? ልጄ በዚህ ጭቃ ውስጥ በየትኛው ጫማዋ ነው የምትሄደው? ክሊኒኩ ጋ ስንደርስ በሩ ላይ ሰው ተሰልፏል፤ በሩ ዝግ ነው፤ የሚከፍት የለምና። ተሰላፊዎቹ ግን አልሄዱም። እዚያው ጥግ ውሃ የሚቀዱ ሴቶች አንዷ የነገረቻቸው ነገር አላስችል ብሏቸው፣ ባልዲያቸውን አስቀምጠው ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። ቀናሁባቸው። ከዚያ ባልዲውን ሲሸከሙት አየሁና አዘንኩ፣ ከዚያ ማዘኔ አናደደኝ። ባሌን ክንዱን ያዝኩት። "እንዲህ ነው እንዴ የሆንከው?" አልኩት። "እንዲህ ነው" አለኝ።

የነርሱ እናት በር ላይ ጠበቀችን። ረጅም ሴት ናት፤ እጇ ከሳሙና ብዛት ነጥቷል። "ደህና መጣችሁ" አለች፣ ፊቷን ሳትፈታ። ገብተን ተቀመጥን። ነርሱ ልጇ ቀድሞን ተመልሶ፣ የክሊኒኩን መረከቢያ ወረቀት ሊያስፈርም ሩቅ ሄዷል፣ ቤት ውስጥ እሷና ልጆቹ ናቸው። እኔ መንገዱን ሙሉ ንግግር ሳዘጋጅ ነበር፤ ይቅርታው በየት ጀምሮ በየት እንደሚያልቅ። አፌን ስከፍት ባሌ ቀደመኝ።

"እህቴ፣ ርቦናል" አለ።

ወለሉ ቢውጠኝ በወደድኩ። እሷ ብዙ አየችው። ከዚያ ወደ ጓዳ ገባች።

ዳቦው ሲመጣ እጆቿን አጣምራ ፊት ለፊታችን ቆመች። ልጆቹም ቆሙ። ባሌ ዳቦውን አነሳ፤ አንጓው ሊያንኳኳ ሲነሳ አየሁትና በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጥኩት። ቆርሶ ለኔ ሰጠኝ፣ ቆርሶ ጎረሰ። እኔም ጎረስኩ። አቤት ጨው! ጎረቤቱን ሁሉ ሳትዞር አልቀረችም፤ ምላሴን ቆነጠጠኝ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ። ባሌን ሰረቅ አድርጌ አየሁት። ግንባሩ ላብ አውጥቷል፣ ያላምጣል። ቆረሰ፣ ጎረሰ፣ ቆረሰ፣ ጎረሰ። ፍርፋሪውን በጣቱ ለቃቅሞ ጨረሰና ሳህኑን ብድግ አደረገ።

"ሌላ የለም?" አላት።

ልጆቹን አየሁ። ሰው ከነዚህ ልጆች አፍ ደግሞ ይጠይቃል? አበደ፣ በቃ፣ አልቆለታል አልኩ።

"የለም፣ አለቀ" አለች። ከዚያ የአፏ ጠርዝ ተንቀሳቀሰ። "ልጅቷም እንዲህ ነው የምትበላው?"

"ኧረ ትብሳለች" አለ ባሌ።

"እንግዲያው ልጄ አልቆለታል! ደመወዙ ለዱቄት ሊበቃው አይደለም" አለችና ሳቋን ለቀቀችው። ሰውነቷን የሚያህል ሳቅ ነው። ልጆቹ ተከተሏት፣ ባሌም እንደ ልጅ እየተንከተከተ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን አማራጭ አለኝ። እየሳቅሁ ግን አውቄዋለሁ፤ ከእንግዲህ ልጄ ከትምህርት ቤት ስትገባ ጫማዋን የምታወልቀው እዚህ በር ላይ ነው።

ሴትዮዋ ሳቋን ጨርሳ ውሃ ይዛልኝ መጣች። ዓይኔ ሞልቶ አየችኝና አጎንብሳ፣ ለኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ "ጨዉ በዛብሽ?" አለችኝ።

"ኧረ ልክ ነው፣ እህቴ" አልኳት።